አረንጓዴ ሰፈር ሲነደፍ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጀማሪ የከተማ ፕላነር ንድፉን ሲያሳየኝ የሚጀምረው ከሕንፃዎቹ ነው። ጣሪያው ላይ ሶላር፣ በረንዳው ላይ አበባ። «ሲዘንብ ውሃው የት ይሄዳል?» ስለው «እሱን የድሬኔጅ መሐንዲሱ ያየዋል» ይለኛል። ደሜ የሚፈላው ይሄኔ ነው።

ውሃን ለመጨረሻ መተው የስህተቶች ሁሉ አለቃ ነው። ቦታው ተሸንሽኖ መንገዱ ከተሰመረ በኋላ የተጠራ መሐንዲስ ከቱቦ ሌላ ምን አማራጭ አለው? ቱቦው ውሃውን ሰብስቦ በፍጥነት ያስወጣና ታች ያለውን ሰፈር ያጥለቀልቃል። ስለዚህ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በመስመር በሚያሳየው ኮንቱር ካርታ ላይ ቀድሞ የሚሰመረው የውሃው መንገድ ይሁን። ዝቅ ያለው ቦታ ለፓርክ ይቅር፤ ሕንፃ አይሠራበት። መንገድ ዳር ጎድጎድ ያለ የሣር ቦይ ካለ ውሃው ይዘገያል፣ አፈሩም ይጠጣዋል።

የሚጠጣ አፈር ከተረፈ ነው እንግዲህ! ኤክስካቫተርና ገልባጭ መኪና ለፓርክ በተተወው ቦታ ላይ ሲመላለሱ ይከርማሉ። የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አያሰርግም፣ ሥርም አያሳልፍም። ከላይ ሣር ቢነጠፍበት ለውጥ የለውም። ከዚያ ዛፉ ሲደርቅ አትክልተኛው ይወቀሳል። ቦታውን ግንባታው ሳይጀመር እጠሩት፤ ይኸው ነው።

የሕንፃውን ረጅም ጎን ወደ ምዕራብ አታዙሩ። የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ በጥላ መመከቷ ይከብዳል።

ትራንስፖርትን «ለሁለተኛው ምዕራፍ» የሚያቆዩም አሉ። ሰው ቤቱ ገብቶ መኪና ከገዛ በኋላ የመጣ አውቶቡስ ባዶውን ነው የሚሄደው። ጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ ውስጥ ያለውን ቫውባን የተባለ ሰፈር የሚጎበኙ ሰዎች መኪና የማይቆምባቸውን ጎዳናዎች ፎቶ አንስተው ይመለሳሉ። የመኪና ማቆሚያው ሰፈሩ ዳር ወዳሉ ባለፎቅ ሕንፃዎች መገፋቱን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ትራም መግባቱን ግን አያነሱም። ሁለቱን ትቶ ጎዳናውን ብቻ የቀዳ ሰው ነዋሪውን በእግረኛ መንገድ ላይ መኪና እንዲያቆም ያስገድደዋል።

ሌላው የማሽን ፍቅር ነው። ለንደን ያለው ቤድዜድ የተባለ አረንጓዴ የመኖሪያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጠናቀቅ በእንጨት ፍቅፋቂ ኤሌክትሪክና ሙቀት የሚያመነጭ ጣቢያ ነበረው። ጣቢያው በብልሽት ተቸግሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ፤ ማሞቂያውም በጋዝ ተተካ። የግድግዳዎቹ ወፍራም ሙቀት መከላከያ ግን አሁንም ሥራውን ይሠራል። ውስብስብ ማሽን ከማስገባታችሁ በፊት ማን እንደሚጠግነው፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ገንዘቡን ለግድግዳና ለመስኮት አውሉት።