ፒካፕህ ላይ ትልቅ ሞተር ከመጫንህ በፊት

የድሮ ሃይሉክስ ይዛችሁ ዳገት ላይ የተማረራችሁ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። 2.8 ሊትሩን 3ኤል የሚባል ናፍጣ ሞተር አውርዶ 3.0 ሊትሩን 5ኤል መጫን ቀላሉ መንገድ ነው። ሁለቱ ወንድማማች ሞተሮች ስለሆኑ ካምቢዮው እንዳለ ይገጥማል። ጉልበቱ ግን ያን ያህል አያስደንቅም።

ባለ ቱርቦው 1ኬዜድ ሞተር ሌላ ነው፣ ዳገት ይበላል። ጣጣው ሙቀት ላይ ነው፤ ከጋለ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ 1ኬዜድ ስጭን ለመቆጠብ ብዬ የድሮውን ራዲያተር ሳልቀይር ተውኩት። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ የሙቀት ጌጁ ቀዩን ነካ። ኮፈኑን ከፍቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ጭጋግ ውስጥ ቆምኩ። ስለዚህ መጀመሪያ ወፍራም ራዲያተር፣ አዲስ ቴርሞስታትና ጤነኛ ቬንትሌተር ግዙ። ፍሪሲዮኑም ጉልበቱን የሚችል ይሁን። ፍሬኑን አትርሱ፤ የሚፈጥን መኪና መቆምም አለበት።

1ኬዜድ-ቲኢ የሚባለው ዓይነት በኮምፒውተር ስለሚሠራ፣ እሱን ከገዛችሁ ኮምፒውተሩንና ሙሉ ሽቦውን አብራችሁ ተቀበሉ። ሽቦውን ቆርጠው የሚሸጡ አሉ፣ ኋላ ኤሌክትሪሺያን ያስለቅሳችኋል።

ሶማሌ ተራ ስትገዙ የሞተሩን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሳትይዙ ብር አትቁጠሩ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካልተቀየረ መኪናውን መሸጥም ጭንቅ ነው።