ሊኑክስ ከርነልን ለትንንሽ መሣሪያ ስናሳንስ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንደኛው ስህተት የጠበበን ፍላሽ (ቋሚ ማከማቻው) ይሁን ራም (የሥራ ማህደረ ትውስታው) ሳይለዩ ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ መቁረጥ መጀመር ነው። ከርነሉን ኤክስዜድ በሚባለው መጭመቂያ ብትጨምቁት ፍላሽ ላይ የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል። ሲነሳ ግን ራም ላይ ተፈትቶ ወደ ሙሉ መጠኑ ይመለሳል፤ መፍታቱም ጊዜ ይበላል። ከርነሉን በቀጥታ ከኖር ፍላሽ (ፕሮሰሰሩ ኮዱን እዚያው ሊያነብበት ከሚችል የፍላሽ ዓይነት) ላይ ማስኬድ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ኮዱ ራም ላይ ስለማይገለበጥ ራም ይተርፋል፤ ኮዱን መጨመቅ ስለማይቻል ግን ፍላሹ ይጣበባል።

ሌላው በተሳሳተ ሚዛን መመዘን ነው። ብዙዎች ከርነሉ ሲገነባ የሚወጣውን የቪኤምሊኑክስ ፋይል መጠን አይተው ይደነግጣሉ። የዲበግ (የስህተት መፈለጊያ) መረጃ ካለበት ፋይሉ በጣም ይገዝፋል፤ መሣሪያው ላይ የሚጫነው ምስል ውስጥ ግን ያ መረጃ የለም። «ሳይዝ» የሚባለው ትእዛዝ ኮዱን፣ ዳታውንና ቢኤስኤስን (ዜሮ ሆነው የሚጀምሩ ተለዋዋጮችን ቦታ) ለይቶ ያሳያችኋል። ቢኤስኤስ ፋይሉ ውስጥ ቦታ አይይዝም፣ ራም ግን ይበላል። ከከርነሉ ምንጭ ኮድ ጋር የሚመጣው ብሎት-ኦ-ሜትር ደግሞ የድሮውንና የአዲሱን ከርነል አወዳድሮ የትኛው ፈንክሽን እንዳበጠ ይነግራል። እኔን ብትጠይቁኝ ያለ እሱ ሥራው ግምት ነው።

ሁሉን ነገር ሞጁል (ሲያስፈልግ ለብቻው የሚጫን የከርነል ክፍል) ማድረግም አያዋጣም። ድራይቨሩ (ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) ከከርነሉ ወጥቶ ወደ ፋይል ሲስተሙ ሄደ እንጂ ከፍላሹ አልጠፋም። ሲጫንም ራም የሚይዘው በሙሉ ገጽ ነው፤ ገጹ አብዛኛውን ጊዜ 4 ኪሎባይት ነው። ሃርድዌሩ የማይቀየር ከሆነ የሚያስፈልገውን ከርነሉ ውስጥ አስገቡና የሞጁል ድጋፉን ራሱን አጥፉት።

ከዲፎልት ኮንፊግ (ከተለመደው የከርነል ምርጫዎች ዝርዝር) እየቀነሱ መሄድ አድካሚ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ታይኒኮንፊግ የሚባል በጣም ትንሽ መነሻ ኮንፊግ አለላችሁ፤ ከእሱ ተነስቶ መጨመር ይቀላል። ግን ተጠንቀቁ፦ ፕሪንትኬም (የከርነሉ መልእክት ማውጫ)፣ የኤልፍ (የተለመደው የሊኑክስ ፕሮግራም ፋይል ቅርጸት) ፕሮግራም ማስኬጃም የለውም። እነሱን ሳትጨምሩ ብታስነሱት ዝም ይላል፤ ምን እንደነካው አታውቁም።

ፕሪንትኬን ለመጨረሻው ምርት ማጥፋት ቦታ ያተርፋል፣ እውነት ነው። መሣሪያው ደንበኛ ቤት ሲበላሽ ግን ምንም ፍንጭ አታገኙም። የጠበበው ራም ከሆነ የሎግ ማጠራቀሚያውን ከ128 ኪሎባይት ወደ 16 ማውረድ ይሻላል።

የቆየ መመሪያ እንዳለ መከተልም ያሳስታል። ብዙዎቹ ስሎብን (ለትንንሽ መሣሪያ የነበረ የከርነሉ ራም አከፋፋይ) ምረጡ ይላሉ፤ ስሎብ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በስሪት 6.4 ተወግዷል። የተተካው በስለብ ታይኒ ነው፤ እሱም ራሙ ከ16 ሜጋባይት ለሚበልጥ መሣሪያ አይመከርም።