«3 ሰዓት» ሲባል የማን 3 ሰዓት ነው?

በውጭ አገር ከሚኖር ዘመድዎ ጋር በስልክ ለመነጋገር ሲቀጣጠሩ «ነገ 3 ሰዓት» ብቻ ብለው አይለፉት፤ ምክንያቱም እርስዎ በልብዎ የያዙት የጠዋቱን 3 ሰዓት ሲሆን፣ የውጭውን አቆጣጠር የለመደው አድማጭ ግን እኛ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት የምንለውን ሊረዳ ይችላል። ሁለታችሁም «እሺ» ስለምትሉ (እሺ ደግሞ አንዳንዴ «ሰማሁ» ከማለት አያልፍም) ስሕተቱ የሚታወቀው ስልኩ ሳይነሣ ሲቀር ነው። ስለዚህ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑንና በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጨምረው ይናገሩ፤ ከዚያም አድማጩ በሚኖርበት አገር ስንት ሰዓት እንደሚሆን መልሶ እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ዋሽንግተን ዲሲ ከአዲስ አበባ አንዳንዴ በ7፣ ሰዓታቸው ሲቀየር ደግሞ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር፣ ባለፈው ጊዜ የሠራው ስሌት ዛሬ ላይሠራ ይችላል።