ያረጀ ዊንዶውስ 7ን እንዴት እናፍጥነው

ኮምፒውተሩ ገና ሲከፈት የሚንቀራፈፈው ብዙ ጊዜ አብረውት የሚነሱት ፕሮግራሞች ስለሚበዙ ነው፣ ስለዚህ ከዛ ጀምሩ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር አንድ ላይ ተጫኑና ኤምኤስኮንፊግ ብላችሁ በእንግሊዝኛ (msconfig) ጻፉና ኢንተር በሉት፣ ከዛ ስታርትአፕ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የማትፈልጉትን ሁሉ ራይቱን (የ✓ ምልክቱን) እያነሳችሁ ሂዱ፣ አንቲቫይረሱን ግን እንዳትነኩት። ሪስታርት ስታደርጉት ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ ማስዋቢያዎቹን አጥፉ። ኮምፒውተር የሚለው ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ከዛ ፐርፎርማንስ ስር ሴቲንግስ ገብታችሁ ቤስት ፐርፎርማንስ የሚለውን ምረጡ። ፊደሎቹ ጠርዛቸው ሸካራ ሆኖ አይን ካስቸገራችሁ ፎንት የሚያለሰልሰውን ብቻ መልሳችሁ ራይት አድርጉት፣ እኔ ሁሌም እሱን እተወዋለሁ።

ሲ ድራይቭ ከሞላ በዲስክ ክሊንአፕ አጽዱት። ዲፍራግ (ዲስኩ ላይ የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ) ለድሮው ሃርድ ዲስክ ጥሩ ነው፣ ለኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል ለሌለው ፈጣን ዲስክ) ግን አያስፈልግም።

እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ነው፣ ራምም (ኮምፒውተሩ ሲሰራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ሜሞሪ) መጨመር ትችላላችሁ፣ ሲስተማችሁ 32 ቢት ከሆነ ግን ከ4 ጊጋ በላይ ስለማይጠቀም ብራችሁን አታባክኑ። ደግሞ ዊንዶውስ 7 ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መደበኛ የሴኩሪቲ አፕዴት ቆሞበታል፣ ስለዚህ እባካችሁ የባንክ ነገር አትስሩበት።