ስላይዱ ላይ የፓይን ፖለን ካያችሁ ከፓይኑ ይልቅ አብሮት የገባውን ፍሩ

ሐዋሳ ቁጭ ብለን የጥንቱን ደን ለማወቅ ከሐይቅ ጭቃ የጥንት ፖለን (የዕፅዋት ወንዴ ብናኝ) ስናወጣ ደጋግሞ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ፎከስ አደራረግ ምናምን አላወራም፣ እሱን ታውቁታላችሁ።

በ100 እጥፍ ሌንስ ምስሉ አልጠራ ካለ ሌንሱን አትውቀሱ፣ ሽፋን ብርጭቆው ነው። ርካሹ ወፍራም ነው፣ 0.17 ሚሊሜትሩን ፈልጉ። 40ው ከደበዘዘ ደሞ አንዱ የ100ውን ዘይት አስነክቶት ሄዷል (ማን እንደሆነ አውቃለሁ)።

ስላይዱ በዲያቶም (ባለ ሲሊካ ቅርፊት ደቂቅ አልጌ) እና በእሳተ ገሞራ አመድ ከተሞላ እነሱን የሚያሟሟው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አልበቃውም፣ ድገሙት። ብቻችሁን፣ ያለ ጭስ መሳቢያ፣ ያለ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል (የአሲዱ ቃጠሎ መድኃኒት) ጠርሙሱን የምትከፍቱ ከሆነ ግን እኔ አላውቃችሁም!

የዝግባ ፖለን ከበዛባችሁ ፖለኑ ላይ ያሉት ሁለቱ የአየር ከረጢቶች ተነቅለው ለየብቻ ተቆጥረዋል። አንዱን ከረጢት ግማሽ በሉት።

አሁን ወደ ዋናው። አንድ ተማሪ እየሮጠ መጥቶ "ጥንት እዚህ ፓይን ነበር!" አለኝ። የለም ወንድሜ፣ አገራችን የራሷ ፓይን የላትም፣ ፓቱላ የሚባለው ፓይን ከሜክሲኮ መጥቶ የተተከለ ነው። ከጭቃው አናት፣ ከአዲሱ ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ቢሆን እሺ፣ የሱ ናሙና ግን ከታች፣ ከጥልቁ ነው። በመስኮት የገባ ነው እንጂ ከጥንት የመጣ አይደለም፣ ፓይን የተተከለበት ወንዶ ገነት ቅርብ ነው፣ ነፋስ ደሞ ፈቃድ አይጠይቅም።

መቼ እንደገባ ለማወቅ ፖለኑን ውስጡን እዩት። የሴሉ ይዘት ካለበት ከአሲቶሊሲስ (የፖለኑን ውስጥ በአሲድ ከማጽዳት) በኋላ ነው የገባው፣ ማለትም ምንጩን ፖለኑ የሚቀመጥበት ግሊሰሪን፣ ስላይዱ ወይ ጠረጴዛው ላይ ፈልጉ። ውስጡ ባዶ ከሆነ ከዛ በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ጭቃው ሲቆረጥ የውጪው ሽፋን ሳይፋቅ ተወስዷል ወይ ውሃው ተበክሏል፣ ስለዚህ ጎኑን ፋቁና ከመሀል ውሰዱ።

ፓይኑንማ ወርውሬ ልቀጥል የሚል አለ፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ። ፓይን ሁለት ከረጢት ስላለው ይታያል፣ የፈረንጅ ጥድ ግን አብሮት ገብቶ አይታይም፣ ምክንያቱም ፖለኑ እንደ አገር ጥድ ትንሽ ክብ፣ ከረጢትም ቀዳዳም የሌለው፣ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ነው፣ በማይክሮስኮፕ አትለዩትም። እናንተ "የጥድ ደን ተስፋፋ" ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ የተስፋፋው የጎረቤት አጥር ነው። ስለዚህ ፓይን የታየበትን የጥልቅ ናሙና ጣሉትና ከጭቃው መሀል እንደ አዲስ አዘጋጁ።

ከእያንዳንዱ የዝግጅት ዙር ጋር ጭቃ የሌለበት አንድ ቱቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራችሁ አስኬዱ፣ ፖለን ከተገኘበት ዙሩ በሙሉ ተጠርጣሪ ነው። አንዴ ሦስት ሳምንት ፈልገን ፈልገን ያገኘነው የተጣራ ውሃ ጀሪካን ነበር፣ ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ተሸፍኖ መስኮት ስር ተቀምጧል። ጨርቁንም አጠብነው፣ ከሱ ብቻ አርባ ፓይን ቆጥሬያለሁ።