አስቦ መጻፍ ወይስ ጽፎ ማሰብ? ልብ ወለድ ጀማሪዎች የሚሰናከሉባቸው ስህተቶች

ረጅም ልብ ወለድ ልጽፍ ነው ያለ ሰው ሁሉ ይህቺን ጥያቄ ይጠይቃል፦ እቅድ ላውጣ ወይስ ዝም ብዬ ልጀምር? በሁለቱም መንገድ ጥሩ ይጻፋል። በሁለቱም ገደል ይገባል።

አንደኛው ገደል እቅዱን እንደ ድርሰቱ መቁጠር ነው። ይሄ የኔ በሽታ ነበር። የዋናውን ገጸ ባሕርይ ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩ፣ የሰፈሩን ካርታ ሳልኩ፣ ሁለት ደብተር ሞላሁ። ምዕራፍ አንድ ግን ባዶ ነበር። እቅድ ማውጣት ደስ ይላላ! ማንም አያርመው፣ ማንም አይስቅበት። ለእቅድ ቀን ቁረጡለት፤ ሁለት ሳምንት ይበቃል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው «ብዕሬ ወደ መራኝ» ብሎ ተነስቶ ዘመን መርሳት ነው። በ1966 አብዮቱ ሲፈነዳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሰውዬ፣ በ1983 ደርግ ሲወድቅ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሆኖ ብቅ ይላል። አጥባቂዋ እናቱ በሁዳዴ መሀል ክትፎ ታቀርብለታለች። አደይ አበባ ሚያዝያ ላይ ይፈነዳል። የኛ አንባቢ ደግሞ እንዲህ ያለውን አይምርም። መድኃኒቱ አንዲት ገጽ ናት፦ የእያንዳንዱ ሰው የልደት ዓመት፣ የእያንዳንዱ ምዕራፍ ዓመትና ወር። ሌላውን ብዕራችሁ ይምራው።

ሦስተኛው ለእቅድ ባሪያ መሆን ነው። ሩሲያዊው ደራሲ ቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም»ን ሲያስብ የተነሳው ሌላ ታሪክ ይዞ ነበር። በፈረንጆቹ 1825 በሩሲያው ንጉሠ ነገሥት፣ በዛሩ ላይ አምፀው ሳይቤሪያ ከተጋዙት አንዱ፣ በ1856 ወደ አገሩ ሲመለስ። ሰውየውን ለመረዳት ወደ 1825 ሄደ። ከዚያ ወደ 1812፣ ከዚያም ወደ 1805። መጽሐፉ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ የግዞተኛው መመለስ ውስጡ የለም። እናንተም ሚስትየዋ ምዕራፍ አስር ላይ ከልቧ ይቅር ካለች፣ እቅዱ «አስራ ሁለት ላይ ይፋታሉ» ስላለ ብቻ አታፋቷት።

የመጨረሻው ያለ እቅድ የሚጽፉትን ይመለከታል። መንገዱ ሲጠፋቸው ወደ ምዕራፍ አንድ ተመልሰው ያቺኑ ገጽ ያሻሻሉ ይመስላቸዋል። ስድስት ወር ያልፋል፣ ገጽ አስራ አንድ ላይ ናቸው። ምዕራፍ ስምንት ላይ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ወንድም ካስፈለጋት ወንድሙን አስገቡና ቀጥሉ። ኅዳጉ ላይ «ምዕራፍ ሁለት፦ ወንድሟን አስተዋውቅ» ብላችሁ ጫሩ። ምዕራፍ ሁለትን የምትከፍቱት የመጨረሻው ምዕራፍ ካለቀ በኋላ ነው።