የመንግሥት ሲስተም ውጤት ሲለካ የሚሠሩ ስህተቶች

መንግሥት ለቴክኖሎጂ ያወጣው ገንዘብ ምን አመጣ? አለካኩ ላይ የሚሠሩት ስህተቶች ሀብታምም ድሃም አገር ያው ናቸው። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የሚብሰው የጎብኚ ቁጥር ይዞ መኩራት ነው። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያው ሄልዝኬር ዶት ገቭ ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ሲከፈት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 4.7 ሚሊዮን ጎብኚ አገኘ። ለመግለጫ የሚመች ቁጥር ነው። በዚያ ቀን ምዝገባውን የጨረሱት ግን 6 ሰዎች ናቸው። አዎ፣ ስድስት! ዋጋ ለማነጻጸር እንኳ መጀመሪያ አካውንት መክፈት ግድ ስለነበር፣ ብዙው ሰው እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። እኛም ጋ «ይህን ያህል አገልግሎት ኦንላይን ገብቷል» ሲባል መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ከጀመሩት ስንቱ ጨረሰ? ስንቱስ ፎርሙን ኦንላይን ሞልቶ፣ ፕሪንት አድርጎ፣ ማኅተም ፍለጋ ቢሮ ሄደ?

ሁለተኛው የወጣን ብር እንደተሠራ ሥራ መቁጠር ነው። «የበጀቱ 90 በመቶ ሥራ ላይ ውሏል» ማለት ገንዘቡ እያለቀ ነው ማለት ብቻ ነው። ኤፍቢአይ የምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ለማላቀቅ ለጀመረው ሲስተም 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሶ፣ በ2005 እርግፍ አድርጎ ተወው።

ተፈታኙን አራሚ ማድረግም አለ። አሜሪካ ከ2009 ጀምሮ የመሥሪያ ቤቶቹ የቴክኖሎጂ ኃላፊዎች የየፕሮጀክታቸውን ስጋት ደረጃ ሰጥተው ለሕዝብ ይፋ ያደርጋሉ። ግልጽነቱ ጥሩ ነው። ግን የኮንግረሱ ኦዲተር ጂኤኦ 95 ፕሮጀክቶችን በ2016 ሲፈትሽ፣ በ60ዎቹ ላይ ኃላፊዎቹ ካሉት የበለጠ ስጋት አገኘ።

መነሻውን ሳይለኩ መጀመርም ያው ነው። ፈቃድ ማደስ በወረቀቱ ጊዜ ስንት ቀን እንደፈጀ ካልተመዘገበ፣ «ፈጥኗል» ማለት ወሬ ነው። ሲስተሙ ከመግባቱ በፊት ባለጉዳይ የመጣበትንና ጨርሶ የሄደበትን ቀን ለጥቂት ሳምንት መዝግቦ መያዝ ይበቃል። ወጪ የለውም።

በመጨረሻ፣ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ መለካት ይቆማል። ዋናው ወጪ ግን ከዚያ በኋላ ነው። በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከቴክኖሎጂ በጀቱ ሦስት አራተኛው ያህል የሄደው ነባር ሲስተሞችን ለማቆየት ነበር። እኛ ጋ ደግሞ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ የተመለሰበት ሰዓት ይመዝገብ፤ በየወሩም ሪፖርቱ ላይ ይውጣ።